ቀኑ አልተበላሸም! ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ስለተሞላ ነው

ዛሬ ሱቄ የመጣ ሰዓት አናዶኝ ነው የምጽፈው። አንድ የኩታበር አባት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ውድ የስዊዝ ሰዓት ነው። «ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል» አሉት፤ ልጁ ለአምራቹ ደንበኞች አገልግሎት ጻፈ፤ ሰዓቱ ባሕር ተሻግሮ ወራት ከርሞ «እንከን የለበትም» የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ዛሬም ማታ 12 ላይ ይቀየራል!

ስሙኝማ። የፈረንጅ ሰዓት ቀን የሚቀይረው በእነሱ እኩለ ሌሊት፣ ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። እኛ እኩለ ሌሊትን 6 ብለን ስለምንሞላ ቀኑ ወይ ንጋት ወይ ምሽት 12 ላይ ይዞራል። ምሽት ከሆነባችሁ የሰዓት ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት አዙሩት፣ ንጋት ላይ ይሆናል። አለቀ። እንዴት «በምን አቆጣጠር ሞላችሁት?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው በአምራቹ ቢሮ ይጠፋል? መመሪያቸው ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

የባሰው ደግሞ ቲክቶክ ላይ «እኩለ ሌሊት አካባቢ ቀን አትቀይሩ» የሚሉት ነው። ሰው ይህን ሰምቶ ንጋት 12 ላይ ይቀይራል። በእኛ አሞላል የቀን መቀየሪያው ጥርሶች የተያያዙት ያኔ ነው፤ ሊሰበሩ ይችላሉ! የሰዓት ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው ውስጥ ሳለ ቀኑን አትንኩ። 6 ላይ አድርሳችሁ ቀይሩ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ 31ን መዝለል አለብን፤ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ እስከ 1 ድረስ ማዞር ነው። ስለዚህ እኛ ከማንም በላይ እንነካካዋለን። በአያያዝ የተሰበረን ጥርስ ዋስትና አይሸፍነውም። የጃንሆይ የነበረው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ በክሪስቲስ ጨረታ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ የተሸጠው ፓቴክ ፊሊፕ እንኳ ፌብሩዋሪንና የፈረንጅን ዘመነ ሠግር እንጂ ጳጉሜን አያውቅም። እንዲህ የወሩን ርዝመት በራሱ የሚያውቅ ካላንደር ያለው ሰዓት ካላችሁ በፈረንጅ ቀን ተዉት።

በእርግጥ ከተበላሸ፦

1. ዋስትናው ሳያልቅ ጀርባውን ከአምራቹ አገልግሎት ውጭ ማንም አይክፈተው፣ እኔም ብሆን። ሮሌክስም ኦሜጋም ለአዲስ ሰዓት የሚሰጡት 5 ዓመት ነው። «ኦርጂናል ሮሌክስ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» የሚል ሻጭ ውሸቱን ነው።

2. ሲሪያል ቁጥሩንና የዋስትና ካርዱን ፎቶ አንሡ። ለአምራቹ ስትጽፉ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ነው» በሉ፤ ችግሩን በእነሱ ሰዓት አስረዱ። ሰዓቱ የአባት ቅርስ ከሆነ ደግሞ «ገጹን አትቀይሩ፣ አካሉን አትሞርዱ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ዋጋውን ሳትፈቅዱ እንዳይጀምሩም ጻፉ።

ከመላካችሁ በፊት ለጥገና ወጥቶ የሚመለስ መሆኑን ከነሲሪያል ቁጥሩ ጉምሩክ አስመዝግቡ። ሲመለስ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ተጠይቀው፣ የገዛ ሰዓታቸውን ለማስለቀቅ ከመስኮት መስኮት የተንከራተቱ ደንበኞች አሉኝ። የምዝገባ ወረቀቱን የተጠየቁት ሰዓቱ ሲመለስ ነው፤ ሲወጣ አስፈላጊ መሆኑን የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም።