ጨረታ ያሸነፈ አምቡላንስ

ዴንማርክ ውስጥ መኪናው መንገድ ላይ አልነሳ ያለበት ሹፌር ፋልክን ይጠራል። አባቱ ደረቱን ይዞ የወደቀበት ልጅ 112 ሲደውልም፣ በብዙ ቦታ ደጃፉ ላይ የሚቆመው አምቡላንስ ያው የፋልክ ነው። ከስፋቱ የተነሳ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል እንጂ የግል ኩባንያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከእሳት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ በዚያው ነው) ኦክቶበር 3 ቀን 1884 ኮፐንሃገን ያለው የክርስቲያንስቦርግ ቤተ መንግሥት ሲነድ፣ ሶፉስ ፋልክ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ሥዕሎችን ከሚያወጡት ሰዎች መካከል ነበር። ከነበልባሉ የተረፈው ንብረት በውሃና በግርግር ሲበላሽ አየ። ነገሩ ከልቡ ሳይወጣ ቀርቶ ልክ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ቀን፣ በ1906 የራሱን የአደጋ ተከላካይ ቡድን አቋቋመ። በ1908 በሞተር የሚሄድ አምቡላንስ አሰማራ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በ1922 ቤተሰቦች በደህናው ቀን ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ በክፉ ቀን የሚጠሩበት የአባልነት መዋጮ ተጀመረ። እድር ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት ድካም ነው። ልዩነቱ የእኛ እድር በዋናነት የሚደርሰው ከሞት በኋላ መሆኑ ብቻ ነው።

የመንግሥት ውል የመጣው በዚህ ላይ ተደርቦ ነው። አንዲት ትንሽ የዴንማርክ ከተማ የራሷን የእሳት አደጋ መኪና ገዝታ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው ቀጥራ ከማስቀመጥ፣ አጠገቧ ካለው የፋልክ ጣቢያ ጋር መዋዋል ይቀላት ነበር። ኮፐንሃገን ግን የራሷን እሳት አደጋ አለቀቀችም። በቅርብ ዓመታትም ብዙ ከተሞች ሥራውን ወደ ራሳቸው መልሰዋል።

የአምቡላንሱ ገዢ ሌላ ነው። በ2007 አገሪቱ በአምስት ክልሎች ተከፈለች፤ ጨረታ የሚያወጡት ክልሎቹ ናቸው። ታማሚው ለአምቡላንሱ አይከፍልም። ጥሪውን ተቀብለው ምን ዓይነት እርዳታ ይሂድ ብለው የሚወስኑትም በክልሉ የጥሪ ማዕከል የተቀመጡ የጤና ባለሙያዎች ናቸው፤ ተቋራጩ ታዞ ይሄዳል። ክልሉ በዋናነት የሚከፍለው ለምልልሱ ሳይሆን ለተጠንቀቁ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነዳጁ ሞልቶ፣ ኦክስጅኑ ተፈትሾ የቆመ መኪና፣ አጠገቡም ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም ያሉ ሁለት ሰዎች። ስልኩ ባይጮኽም ሒሳቡ ይሄዳል። ለኔ የዚህ ሥራ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ርካሽ ዋጋ የሰጠ ተጫራች የሚቀንሰው ነገር ቢኖር ያንኑ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ የሚታወቀው ሰው ሲወድቅ ነው።

የደቡብ ዴንማርክ ክልል ይህን በ2015 አየው። ባዮስ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ፋልክን በጨረታ አሸንፎ፣ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የክልሉን አብዛኛውን የአምቡላንስ ሥራ ተረከበ። መኪና በገንዘብ ይገዛል። የሠለጠነ የአምቡላንስ ሠራተኛ ግን ከፋልክ ቤት ነበር፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ወደ አዲሱ አሠሪ አንሄድም አሉ። ተረኛ ጠፋ፣ ፈረቃ ሳይሸፈን ቀረ፣ ያሉትም በትርፍ ሰዓት ደከሙ። ባዮስ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ጁላይ 2016 ላይ፣ ኪሳራ አወጀ።

ጉዱ የወጣው በኋላ ነው። የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ፋልክ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቀጥሮ፣ ምንጩ ሳይታወቅ ስለ ባዮስ መጥፎ ወሬ እንዲናፈስ ማድረጉን ገለጸ። ዓላማው ሠራተኞቹ ወደ ባዮስ ከመሄድ እንዲያመነቱ ነበር። ይህ በገበያ ያለን የበላይነት ያለአግባብ መጠቀም ነው ተባለ፤ ፋልክም ጥፋቱን አምኖ ተቀበለ። ሰው ሊያድን የተቋቋመ ድርጅት ተፎካካሪውን ለመጣል የሐሜት ዕቅድ ሲያወጣ ማሰብ ይከብዳል፤ ግን ሥራው በጨረታ ከሆነ ጎረቤት ያለው ተጫራች እንደማንኛውም ነጋዴ ተቀናቃኝ ነው።

ባዮስ ሲወድቅ ክልሉ ሌላ ጨረታ አውጥቶ የመጠበቅ ጊዜ አልነበረውም። የሚደውል ሰው ኩባንያው መክሰሩን አይጠይቅም። ስለዚህ መኪኖቹንና ሠራተኞቹን ተረክቦ ራሱ ማሠራት ጀመረ። ከፋልክ ወደ ባዮስ ተሻግረው የነበሩት ሠራተኞች በዚያ በጋ ሦስተኛ አሠሪያቸውን አገኙ፤ የሚነዱባቸው መንገዶች ያው፣ የሚያነሷቸውም አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ያው ነበሩ።