ኒዩምባሃ፦ የዛንዴ ጫካ ዝንጉርጉር

በደቡብ ሱዳን ከጁባ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ወደ ያምቢዮ ሲቃረብ አየሩ እየረጠበ፣ ዛፉም እየጠና ሲሄድ ያያል። እስከ ኮንጎ የሚዘልቀው ታላቅ ደን ጠርዝ እዚያ ነው፤ አገሩም የዛንዴዎች ነው። ባንጋንጋይ የተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ የሚገኘው በዚሁ በምዕራብ ኢኳቶሪያ ነው።

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ባወጀች በዓመቱ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ የባክኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዲአን ሪደርና የፋውና ኤንድ ፍሎራ ኢንተርናሽናል ባልደረባ አድሪያን ጋርሳይድ በባንጋንጋይ ሲሠሩ አንዲት የሌሊት ወፍ አገኙ። እኛ የሌሊት ወፍ ስንል የሚታየን ቡናማ ወይም ግራጫ ነገር ነው። ይህቺ ግን ከሰል በመሰለ ጥቁር ጠጉሯ ላይ ወተት የመሰለ ነጠብጣብና ሰንበር ተጥሎባታል፤ ግንባሯም ላይ ነጭ ምልክት አለ። በእውነት ውብ ፍጥረት ናት።

ዝርያዋ ለሳይንስ እንግዳ አልነበረም። ሄይማን የተባለ እንግሊዛዊ በ1939 ከቤልጂግ ኮንጎ በተገኘች አንዲት ናሙና መዝግቦታል፤ ከዚያ በኋላ በጋናና በኮትዲቯር ጭምር አልፎ አልፎ ታይቷል። የባንጋንጋይዋ አምስተኛ ናሙና ናት፤ በደቡብ ሱዳን ግን የመጀመሪያዋ። የሪደር ቡድን የራስ ቅሏን፣ ጆሮዋንና ክንፏን ቀድሞ ከተመደበችበት ወገን ጋር ሲያስተያይ አልገጥም አለው። ስለዚህ በ2013 አዲስ ወገን አወጣላት፤ ስሙንም ከአገሩ ሰው አፍ ወሰደ። «ኒዩምባሃ» በዛንዴ ቋንቋ ብርቅ፣ ያልተለመደ ማለት ነው። የአገሩ ቋንቋ በሳይንስ መዝገብ ሲሰፍር ማየት ደስ ያሰኛል።

የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ዝርያውን «እምብዛም አያሰጋም» ከሚላቸው ጎራ አስገብቶታል። ከደቡብ ሱዳን እስከ ምዕራብ አፍሪካ የተዘረጋ ክልል አለውና ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም ከ1939 እስከ 2012 አምስት ጊዜ ብቻ የተያዘን እንስሳ በዚህ ቃል ተማምኖ መተው ስሕተት ነው። ደኑ ሲጨፈጨፍ መጠለያውም የሚበላቸው ነፍሳትም አብረው ይሄዳሉ፤ ጦርነትም ጥብቅ ስፍራዎችን ጠባቂ አሳጥቷል።

ጁባ ያላችሁ ባለሥልጣናት፣ ለባንጋንጋይ ጠባቂዎች ደመወዝና ስንቅ ሳይቋረጥ ይድረሳቸው።