መንገዱ ከብስክሌቱ ቀድሟል
ከካዛንቺስ እስከ እንጦጦ የተከፈተው ገበያ ማንን ይጠቅማል?

ካዛንቺስ ላይ ንግድ ሲነሣ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ቀድሞ የሚታሰበው ሆቴል፣ ሥጋ ቤትና ቡና ቤት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሠራው ድርጅት ምሕፃረ ቃል ስሙን ያገኘው ይህ ሠፈር፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍሉ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ከነባር ነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። በምትኩ ከተዘረጉት ነገሮች አንዱ ለብስክሌት ብቻ የተከለለ መስመር ነው። ችግሩ መስመሩን የሚሞላ ብስክሌት አለመኖሩ ላይ ነው።

የመንግሥት ፍላጎት ድንገተኛ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መንገድ አቅዶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም መንገዱ አለ፣ ፖሊሲውም አለ፤ የጎደለው አቅርቦቱ ነው።

ዳገቱና ማርሹ

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ምን ዓይነት ብስክሌት እንደሚያመጣ ነው። ካዛንቺስና ቂርቆስ ያሉበት መሐል ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ያለበት ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ የፓርኩን የጫካ መንገድ ለመጋለብ የሚፈልግ ሰው፣ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት አለበት ማለት ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ዳገቱን አያወጣም፤ ደካማ ፍሬን ያለው ደግሞ ቁልቁለቱን በሰላም አያወርድም። ለዚህ አገር የሚስማማው ሰፊ ጎማና በርካታ ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተራራ ብስክሌት ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ቁልቁለት ነው። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በካሊፎርኒያ የማሪን አውራጃ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌቶችን ወፍራም ጎማና ጠንካራ ፍሬን እየገጠሙ ከታማልፓይስ ተራራ ቁልቁል ይነዱ ነበር። በጥቂት ሰዎች ጋራዥ የተጀመረው ሥራ ፋብሪካ ወለደ፤ ስፖርቱም በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ዛሬ በዚያው ግዛት የባሕር ዳርቻ ሸለቆዎች የተከለሉ ፓርኮች ለብስክሌት የተጠረገ የጫካ መንገድ አላቸው። በዙሪያቸውም ሻጩ፣ አከራዩና ጠጋኙ ይኖራሉ።

ኢትዮጵያም ለብስክሌት እንግዳ አይደለችም። በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትካፈል፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት።

የኪራዩ ሒሳብ

ገዢውን ያራቀው ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብስክሌቱም፣ ካላማዳሪውም፣ ሰንሰለቱም የሚመጣው በዶላር ነውና ደመወዝተኛው በአንድ ጊዜ ከፍሎ መግዛት ከብዶታል። መግዛት ያልቻለ ሰው ግን መከራየት ይችል ይሆናል።

ለስሌት ያህል አንድ ብስክሌት 20,000 ብር ወጣበት፣ በሰዓትም 60 ብር ተከራየ እንበል። በቀን 3 ሰዓት፣ በወር 25 ቀን ቢሠራ 4,500 ብር ያስገባል። ለቦታ፣ ለጥበቃና ለጥገና ግማሹ ቢወጣ 2,250 ብር ይቀራል፤ ካፒታሉም በ9 ወር ገደማ ይመለሳል። በቀን 1 ሰዓት ብቻ ከሠራ ግን ገቢው 1,500 ብር ሲሆን፣ የቦታውና የጥበቃው ወጪ ስለማይቀንስ አከራዩ በየወሩ ከኪሱ ይጨምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀውን ዝናብ ያላሰበ ስሌትም መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሀብቱን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ማዋል አያዋጣም። ደንበኛ ባልታየበት ብዙ ብስክሌት መደርደር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በሥራ ቀን ለቢሮ ሠራተኛው በካዛንቺስ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለመዝናናት ለሚወጣው በእንጦጦ በኩል ጥቂት ብስክሌቶችን እያዘዋወሩ መጀመር ይሻላል።

ከሁሉ ያነሰ ካፒታል የሚጠይቀው ግን ጥገናው ነው። መፍቻ፣ መንፊያና ጥቂት መለዋወጫ የያዘ ጎሚስታ ብስክሌቱ የማንም ቢሆን ገቢ አያጣም። ሱቁ የፈረሰበት የካዛንቺስ ትንሽ ነጋዴ ወደ ቀድሞ ሠፈሩ ሊመለስ የሚችልበት አንዱ በር ይህ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአዲሱ መስመር ዳር ለእርሱ የሚሆን ጠባብ ቦታ በሚችለው ኪራይ ካልተገኘ፣ ንግዱ የሚሆነው ለሰፊ ሱቅ የሚከፍለው ብቻ ነው።