ተጨማሪ መረጃ፦ «ኬዚፍሪ» ለምን ስሙ ተቀየረ?

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ «ኬዚአሎክ» የተባለው ፈንክሽን ሜሞሪ የሚሰጠው በዜሮ ሞልቶ ነው። በስሙ ውስጥ ያለችው «ዚ» የምትጠቁመውም ይህንኑ ሲሆን፣ ጠሪው ኮድ ንጹሕ ሜሞሪ ስለሚፈልግ ቁም ነገር አላት። «ኬዚፍሪ» በበኩሉ ሜሞሪውን ከመልቀቁ በፊት ዜሮ ይጽፍበት ነበር። ሁለቱ ስሞች ጥንድ ስለሚመስሉ፣ በአንዱ የተወሰደ ሜሞሪ በሌላው መመለስ ያለበት ያስመስላሉ። እንዲህ ያለ ግዴታ ግን የለም፤ ተራው «ኬፍሪ» ይበቃል።

የፈንክሽኑ እውነተኛ ዓላማ ምስጢር መጠበቅ ነው። የምስጠራ ቁልፍ ወይም የይለፍ ቃል የነበረበት ሜሞሪ ሳይጸዳ ከተለቀቀ፣ ቀጥሎ የሚረከበው ኮድ ሊያነበው ይችላል። ለዚህ ደግሞ ዜሮው ራሱ ዋና ነገር አይደለም፤ በሌላ ቁጥር ቢሸፈንም ምስጢሩ ይጠፋል። የከርነሉ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስም የስሞቹን መመሳሰል አሳሳች ብሎ ተችቶታል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው የከርነሉ ስሪት 5.9 ፈንክሽኑ «ኬፍሪ ሴንሲቲቭ» ተባለ። ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላ ማሻሻያ ከስሙ ለውጥ አይተናነስም። ኮምፓይለር ዳግም በማይነበብ ሜሞሪ ላይ መጻፍን እንደ ትርፍ ሥራ ቆጥሮ ትእዛዙን ሊያስወግደው ስለሚችል፣ ማጽዳቱ እንዳይዘለል በሚያስገድደው «ሜምዜሮ ኤክስፕሊሲት» እንዲከናወን ተደረገ።