ስለ ጠላቂዎች የእጅ ሰዓት ጠባይና ዋጋ

በአራዳና በፒያሳ፣ በሥላሴም አካባቢ በሚገኙ የሰዓት መደብሮች መስኮት ውስጥ ወፍራም ቀፎ፣ ጥቁር ገጽና በዙሪያው የሚሽከረከር ቀለበት ያለው የእጅ ሰዓት ሳይታይ አይቀርም። ይህ ዓይነት ሰዓት በመጀመሪያ የተሠራው ባሕር ውስጥ ለሚጠልቁ ሰዎች ነው። ኢትዮጵያ ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ጣናም ቢሆን በጥልቁ ሥፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ሜትር የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሰዓት አስመጥቶ በአዲስ አበባ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ለየትኛው ጥቅም እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ካላወቀ፣ ዕቃው በክረምት ወራት ጉም ለብሶ ወደ መደብሩ ሲመለስበት የሚሰጠው መልስ አይኖረውም።

የዚህ ሰዓት ታሪክ ረዥም አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1953 ብላንፔን የተባለው የስዊስ ቤት ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች «ፊፍቲ ፋቶምስ» የተባለውን ሰዓት አወጣ። 50 ፋቶም ማለት 91 ሜትር ያህል ነው። በዚያው ጊዜ ሮሌክስ «ሰብማሪነር» የተባለውን ሠራ። የጃፓኑ ሴይኮም በ1965 እስከ 150 ሜትር የሚችለውን የመጀመሪያውን የጠላቂ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ከብዙ አገር የሚመጡት የዚህ ዓይነት ሰዓቶች መልካቸውን የወረሱት ከእነዚሁ ነው፤ መልክን መውረስ ግን ጠባይን መውረስ አይደለም።

አንድ ሰዓት በእውነት የጠላቂ ሰዓት ለመባል ኢሶ 6425 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ማሟላት አለበት። ደረጃው ከ100 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት መቻልን ይጠይቃል። ሰዓቱም የሚፈተነው በተጻፈበት ጥልቀት ልክ ሳይሆን 25 በመቶ ተጨምሮበት ነው፤ 200 ሜትር የተጻፈበት 250 ሜትር በሚያህል ግፊት ይፈተናል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መነበብ፣ የጨው ውኃን፣ ምትንና ማግኔትን መቋቋም ይኖርበታል። ለነጋዴው ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ በዚህ ደረጃ እያንዳንዱ ሰዓት በየግሉ ሲፈተን፣ «ውኃ የማይገባው» ተብለው ብቻ የሚሸጡት ተራ ሰዓቶች ግን ከብዙው ጥቂቱ በናሙና ተወስዶ ሊፈተን ይችላል። ደረጃውን ያሟላው ሰዓት በገጹ ወይም በጀርባው ላይ «ዳይቨርስ» የሚለውን ቃል ከሜትሩ ቁጥር ጋር ይይዛል። ቃሉ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ትልቅ ቢሆን እንኳ ማስረጃ አይሆንም።

በዙሪያው ያለው ቀለበት ጌጥ አይደለም። ጠላቂው ወደ ውኃ ሲገባ የቀለበቱን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር ያገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ቆጣሪው በቀለበቱ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር ያለፈው ደቂቃ ነው። ቀለበቱ ወደ ግራ ብቻ እንዲዞር የተደረገበት ምክንያት፣ ሳይታሰብ ቢነካና ቢንቀሳቀስ ያለፈውን ጊዜ አብዝቶ እንዲያሳይ እንጂ እንዳያሳንስ ነው። ጠላቂው ቀድሞ ቢወጣ አይጎዳም፤ ዘግይቶ ቢወጣ ግን አየር ያልቅበታል። ወደ ቀኝም የሚዞርና የላላ ቀለበት የተገጠመለት ሰዓት ታዲያ ለጌጥ የተሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ባለሱቁ ሁለት ጣቱን እንጂ መሣሪያ አያስፈልገውም።

የሜትር ቁጥሩ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። 30 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት እጅ ሲታጠቡ የሚረጨውን ውኃና ዝናብን ይችላል እንጂ ለዋና የታሰበ አይደለም። ለዋና 100 ሜትር ተገቢ ነው። ሁሉም ቁጥሮች ደግሞ የተነገሩት ለቀዝቃዛ ውኃ ነው። በፍልውኃ ወይም በሶደሬ የሚታጠብ ሰው ሰዓቱን ሳያወልቅ ወደ ሙቁ ውኃ ቢገባ፣ ሙቀቱ ጎሚኒውን ያላላዋል፤ ሳሙናም ያደርቀዋል፤ ወጥቶ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው እርጥበቱ ከመስተዋቱ ሥር ይታያል። በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ ከሚረጨው ጠበል ይልቅ ለሰዓት የሚያሰጋው ይኸው ፍል ውኃ ነው።

እርጥበት ገብቶ እንደ ሆነ ለመመርመር በደረጃው ውስጥ ያለው ዘዴ ቀላል ነው። ሰዓቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ ተደርጎ፣ በመስተዋቱ ላይ የቀዝቃዛ ውኃ ጠብታ ይደረግበታል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሲጠረግ በውስጥ በኩል ጉም ከታየ ሰዓቱ ውኃ አስገብቷል። የአዲስ አበባ ከፍታም አንድ የሚጨምረው ነገር አለ። በዚህ ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ተከፍቶ ባትሪው የተለወጠለት ሰዓት የያዘው የደጋ አየር ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ለንግድ ጅቡቲ ሲወርድ የውጪው አየር ሁለት ሜትር ተኩል ውኃ በሚያህል ኃይል ይጫነዋል። ጎሚኒው ደኅና ከሆነ ምንም አይደርስበትም፤ ሰዓት ሠሪው ባትሪ ሲለውጥ አሮጌውን ጎሚኒ መልሶ ገጥሞት ከሆነ ግን የጠረፉ እርጥበት ይገባል። ብዙ ጊዜ «ፋብሪካው አታለለኝ» የሚባለው በዚህ ዓይነት ነው።

መልክና ጠባይ ሲለያዩ ለማየት የሴይኮ ሁለት ሰዓቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከ1996 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሸጥ የኖረው «ኤስ.ኬ.ኤክስ. 007» 200 ሜትር የሚችል፣ መሙያው በብሎን የሚጠብቅና የጠላቂ ደረጃን የያዘ ሰዓት ነበር። በ2019 እርሱን የሚመስል አዲስ «ሴይኮ 5 ስፖርትስ» ወጣ። የአዲሱ ሞተር ከአሮጌው ይሻላል፤ በእጅ ይሞላል፣ ሰዓቱ ሲስተካከልም የሰኮንድ ቆጣሪው ይቆማል፤ እነዚህ ሁለቱ በአሮጌው አልነበሩም። ይሁን እንጂ የሚችለው ጥልቀት 100 ሜትር ነው፤ መሙያው አይጠብቅም፤ የጠላቂ ሰዓትም አይደለም። ለአዲስ አበባ ሰው ምናልባት አዲሱ ይሻለው ይሆናል። ያም ቢሆን «የጠላቂ» ብሎ መሸጥ ትክክል አይደለም፤ በመርከብ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ባሕረኛ ግን አሮጌው ወይም እርሱን የመሰለ ይመረጣል።

የውጪ ካታሎጎች የማይጽፉት፣ ለአገራችን ገዢ ግን ከጥልቀቱ ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥመው የቀኑ መስኮት ጉዳይ ነው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው፣ ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ስለ ሆነ፣ ለውጡ በንጋት ወይም በምሽት ይውልበታል። በንጋት እንዲውል ማድረግ ይሻላል፤ ለዚህም መሙያውን በመሳብ ቀኑ እስኪለወጥ ድረስ አዙሮ፣ ያን ጊዜ የጠዋቱ 12 ሰዓት መሆኑን ማሰብ ይበቃል። ነገር ግን በእነዚህ ሞተሮች ገጹ ከምሽት 9 እስከ ጠዋት 4 በሚያሳይበት ጊዜ ቀኑን በእጅ መለወጥ ጥርሱን ሊሰብረው ይችላል። ይህ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞላ የተከለከለው ጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም ሰው ከመኝታው ተነሥቶ ሰዓቱን በሚነካካበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሻጩ ይህን አንድ ነገር ቢናገር ከብዙ ጥገና ያድናል።

የወሩንም ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማየት የሚፈልግ ደንበኛ አይጠፋም። የሰዓቱ መንኮራኩር እስከ 31 ስለሚቆጥር፣ 12ቱ ወሮች በ30 ሲያልቁ በየወሩ አንድ ቀን ማሳለፍ፣ ከጳጉሜን 5 በኋላም 26 ቀን ማሳለፍ ያስፈልጋል። በአውሮጳ አቆጣጠር የሚሞላው ግን በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ያስተካክላል። የሳምንቱ ቀን በሚታይባቸው ሰዓቶች ላይ ደግሞ ቋንቋው ሁለት ዓይነት ቢሆንም አማርኛ የለበትም። ስለዚህ የቀን መስኮት የሌለው ሰዓት ለብዙ ደንበኞች ጉድለት ሳይሆን ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውም አንዳንድ ጊዜ ዝቅ ይላል።

የዋጋውን ሂሳብ በሚመለከት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጪ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህም ምክንያት አስመጪው ዋጋውን ዕቃውን ባዘዘበት ቀን ምንዛሪ ሳይሆን ሌላ ዕቃ በሚተካበት ምንዛሪ ማሰብ ይኖርበታል። በጉምሩክ ሰነድ ላይ ቀፎው ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከሌላ ክቡር ማዕድን የተሠራ ሰዓት በ9101፣ ከብረትና ከመሳሰለው የተሠራው በ9102 ይመደባል። ወርቅ የተቀባ ብቻ የሆነ በ9101 መጻፉ ስሕተት ነው፤ ይህም ባለዕቃውን ከተቆጣጣሪው ጋር ሊያጨቃጭቀው ይችላል። በሽያጩ ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስም ደረሰኝ ይጠይቃል። ደረሰኝ ያለው ሰዓት ደግሞ ከኮፒ ዕቃ የሚለይበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

የቀረው የዋስትና ነገር ነው። በፒያሳ የሰዓት ንግድ ለብዙ ዘመን የተመሠረተው ደንበኛው መደብሩን በሥፍራው ስለሚያውቀው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ክፍሎች ሲፈርሱ ብዙ ነጋዴዎች ቦታ ለወጡ፤ ቀድሞ የገዛ ሰው ሻጩን የት እንደሚያገኘው ማወቅ አስቸጋሪ ሆነበት። የጠላቂ ሰዓት ደግሞ ጎሚኒው በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ መለወጥ የሚገባው ዕቃ ነው። በዋስትናው ወረቀት ላይ የመደብሩ ስልክ፣ የሰዓቱ መለያ ቁጥር፣ የሚችለው ጥልቀትና ጎሚኒው የሚለወጥበት ወር ቢጻፍ፣ መደብሩ ሥፍራ ቢለውጥም ደንበኛው ይደርስበታል። ከሻጩ ወይም ሻጩ ካመለከተው ሠሪ በቀር ማንም እንዳይከፍተውም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።