«ደመና» የተባለው መዝገብ ቤትና ቁልፉን የያዘው እጅ

የንግድ ሥራ ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ ሸቀጥና መዝገብ ተለያይተው አያውቁም። ነጋዴው የሸጠውን፣ በዱቤ የሰጠውንና ከመጋዘን ያወጣውን ካልመዘገበ ንግዱ የዘፈቀደ ልውውጥ ሆኖ ይቀራል እንጂ ሊያድግ አይችልም። ይሁን እንጂ መዝገብ የቁጥር ማከማቻ ብቻ አይደለም። መዝገብ የያዘ የሌላውን ሰው ጓዳ ያውቃል። የሰፈር ባለ ሱቅ ከባንኮኒው ሥር የሚያስቀምጣትን የዱቤ ደብተር ገልጦ ያነበበ ሁሉ በማን ቤት ስኳር እንዳለቀ፣ የማን ደመወዝ እንደዘገየ ከደብተሯ ይረዳል። ስለሆነም መዝገቡ የት ይቀመጣል፣ ማን ይጽፍበታል፣ ማንስ ይገልጠዋል የሚሉት ጥያቄዎች ለሒሳብ ሠራተኛው ብቻ የሚተዉ አይደሉም።

በአሁኑ ጊዜ የዓለም ታላላቅ ልብስ ነጋዴዎች መዝገባቸውን «ክላውድ»፣ በአማርኛው አነጋገር «ደመና»፣ ወደሚባል አዲስ መዝገብ ቤት እያዛወሩ ነው። ጉዳዩ በባዕድ አገር የሚፈጸም የባለሙያዎች ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ከእነዚህ ነጋዴዎች አንዳንዶቹ የሚሸጡት ልብስ በሐዋሳ የተሰፋ ስለሆነና በመዝገቡ ውስጥ የሚቆጠረው ሸሚዝ ብቻ ሳይሆን ሰውም ስለሆነ፣ ሠራተኛው ነገሩን ከሥሩ ሊያውቀው ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንዱን ነጋዴ እንውሰድ።

በ1947 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሌላ መልክ ካልተገለጹ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤርሊንግ ፔርሶን የተባለ ስዊድናዊ በቬስተሮስ ከተማ አንድ የሴቶች ልብስ ሱቅ ከፈተ። ስሙንም «ሄነስ» አለው፤ «የእርሷ» ማለት ነው። በ1968 ማውሪትስ ቪድፎርስ የተባለውን የአዳኞችና የዓሣ አጥማጆች ዕቃ መደብር ገዝቶ የወንዶች ልብስ ጨመረበት፤ ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላትም ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ኤች ኤንድ ኤም ተገኘ። ድርጅቱ በአሁኑ ጊዜ አራት ሺህ ገደማ መደብሮች አሉት። በአንዱ የቬስተሮስ ሱቅ ዘመን ፔርሶን ምን እንደተሸጠ ለማወቅ መደርደሪያውን መመልከት ይበቃው ነበር። አራት ሺህ መደብር ያለው ነጋዴ ግን መደርደሪያውን በዓይኑ ሊያይ አይችልም፤ የሚያየው ቁጥሩን ነው።

ቁጥሩ በትክክልና በጊዜው ካልደረሰ ምን እንደሚከተል በ2018 በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ በኤች ኤንድ ኤም መጋዘኖችና መደብሮች የተከማቸው ልብስ ዋጋ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። ይህን ያህል ልብስ የተከማቸው በዓለም ላይ የታረዘ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ሳይታወቅ ስለተሰፋ ነው። ጥጡ ተለቅሟል፣ ክሩ ተፈትሏል፣ ልብስ ሰፊዋ ትርፍ ሰዓት ሠርታለች፣ መርከቡ ነዳጁን አቃጥሏል፤ በመጨረሻ ግን ሸሚዙ የሚለብሰው አጥቶ ተደርድሮ ቀረ። ከዚህ አንጻር ሲታይ የነጋዴው የመረጃ ጥማት ከንቱ ጥማት ነው ሊባል አይችልም። ኤች ኤንድ ኤምም በ2022 ከጉግል ክላውድ ጋር ስምምነት አድርጎ፣ ከመደብሮቹ፣ ከኢንተርኔት ሽያጩና ከአቅራቢዎቹ የሚመጣውን መረጃ በአንድ የጋራ መሠረት ላይ እንደሚያሰባስብ አስታወቀ።

ታዲያ ደመናው ምንድን ነው? ስሙ ሰማያዊ ይምሰል እንጂ ነገሩ ፍጹም ምድራዊ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒዩተሮች በመደርደሪያ የተደረደሩባቸው፣ ቀንና ሌሊት ኤሌክትሪክ የሚበሉ፣ እንዳይግሉ ያለማቋረጥ የሚቀዘቅዙ ግዙፍ አዳራሾች ናቸው። አዲስ የሆነው ማሽኑ ሳይሆን የባለቤትነቱ ግንኙነት ነው። ቀደም ሲል ነጋዴው ሰርቨሩን ገዝቶ በራሱ ግቢ ያቆመው ነበር። ከ2006 ወዲህ ግን አማዞን፣ ቀጥሎም ማይክሮሶፍትና ጉግል፣ የማሽኖቻቸውን ጉልበት በሰዓትና በመጠን ማከራየት ጀመሩ። ለልብስ ነጋዴ ይህ ኪራይ በእርግጥ ጥቅም አለው። በምዕራቡ ዓለም በኅዳርና በታኅሣሥ የገና ገበያ ሲደራ ደንበኛው ይጎርፋል፤ ወሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ገበያው ጭር ይላል። ለሁለት ወር ግርግር ሲባል ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ የሚቆም ማሽን መግዛት ለአንድ ቀን ሠርግ ድንኳን አሠርቶ በግቢ ተክሎ እንደመኖር ነው። ድንኳን ይከራያል።

ይሁን እንጂ ድንኳን አከራዩ የሠርጉን እንግዶች ዝርዝር አይዝም። የደመናው አከራይ ግን መዝገቡን በቤቱ ያስቀምጣል። ከዚህም በላይ አከራዮቹ ጥቂት ናቸው፤ ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ሦስቱ ኩባንያዎች ብቻ የዓለምን የደመና ገበያ ከግማሽ በላይ ይዘዋል። ከሦስቱ አንዱ አማዞን ደግሞ ራሱ ልብስ ይሸጣል። ዋልማርት የተባለው የአሜሪካ ነጋዴ በ2017 አንዳንድ የቴክኖሎጂ አቅራቢዎቹ ለእርሱ የሚሠሩትን ሥራ በአማዞን ማሽኖች ላይ እንዳያኖሩ መጠየቁ በጊዜው ተዘግቧል። አከራዩ የተከራዩን መዝገብ ገልጦ ያነባል የሚል ማስረጃ ስለቀረበ አልነበረም። ለተወዳዳሪ ኪራይ መክፈል ተወዳዳሪን ማደለብ ስለሆነ ነው። ታላቁ ነጋዴ እንኳ መዝገቡ በማን ቤት እንደሚያድር ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ሠራተኛ ለምን ዝም ይላል?

ቤት እስከሆነ ድረስ ደግሞ ይቃጠላል። ማርች 10 ቀን 2021 እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ያቆመው ባለ አምስት ፎቅ የመረጃ ማዕከል በእሳት ወደመ። ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን መጠባበቂያ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ። «ደመና ነው፣ አይጠፋም» ብለው የተዘናጉ ሁሉ ደመናው ጣራና ግድግዳ እንዳለው የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። በአከራይና በተከራይ መካከል የሚፈረመው ውል ኃላፊነቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ሕንፃው፣ ማሽኑና ኤሌክትሪኩ የአከራዩ ናቸው። በመዝገቡ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ፣ ለማን ቁልፍ እንደሚሰጥና ከማን እንደሚነፈግ የሚወስነው ግን ተከራዩ ነው። በ2025 በእንግሊዝ የደረሰው ይህን ቁልፍ የሚመለከት ነበር። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የልብስና የምግብ ነጋዴ በፋሲካ ሰሞን በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተጠቃ። ማሽን ተሰብሮ አልነበረም፤ የድርጅቱ ሊቀመንበር በኋላ ለፓርላማ እንደተናገሩት አጥቂዎቹ ሌላ ሰው መስለው በሦስተኛ ወገን በኩል ገቡ። የኢንተርኔት ሽያጩ ከኤፕሪል 25 እስከ ጁን 10 ተቋረጠ፤ ሠራተኞች ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመለሱ፤ ድርጅቱም በዓመቱ ትርፍ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት 300 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ብሎ ገመተ። በአንድ አፍታ የተሰጠ ቁልፍ ይህን ሁሉ አስከተለ።

ሌባ የሚገባበት በር አለ እንበል። ባለቤቱ ራሱ ቁልፉን ይዞ ሲገባስ? ወደ ኤች ኤንድ ኤም እንመለስ። ይህ ነጋዴ በጀርመን አገር ኑረምበርግ ከተማ የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ነበረው። በማዕከሉ ከዕረፍት ወይም ከሕመም ፈቃድ የተመለሰ ሠራተኛ ከቅርብ አለቃው ጋር ለ«እንኳን ደህና መጣህ» ጭውውት ይቀመጣል። አለቃው ጤናውን፣ የቤተሰቡን ሁኔታና የዕረፍቱን አሳላፍ ይጠይቀዋል። ሠራተኛውም በሰው ወግ ይመልሳል። ጭውውቱ ሲያበቃ የሕመሙ ምልክትና ስም፣ የቤቱ ጭቅጭቅና የሚከተለው ሃይማኖት ሳይቀር በመዝገብ ይሰፍራል። የአንዳንዱ ሠራተኛ ማስታወሻ ቢያንስ ከ2014 ጀምሮ ዓመት በዓመት እየተጨመረበት ሄዷል። መዝገቡን እስከ 50 የሚደርሱ አለቆች ሊያነቡት ይችሉ ነበር፤ ሠራተኛውን ለመመዘንና ስለ ሥራው ለመወሰንም ይጠቀሙበት ነበር።

ሠራተኞቹ ይህን ያወቁት ሰላይ ይዘው ወይም ክስ መሥርተው አይደለም። በኦክቶበር 2019 አንድ ቴክኒሺያን ሊፈጽመው በሚችል የአቀማመጥ ስሕተት መዝገቡ ለጥቂት ሰዓታት ለድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ክፍት ሆነ። ነገሩ በጋዜጣ ወጣ። የሐምቡርግ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን መዝገቡ እንዳይነካ አግዶ እንዲቀርብለት አዘዘ፤ 60 ጊጋባይት የሚያህል ማስታወሻም ተረከበ። በኦክቶበር 2020 ባለሥልጣኑ በድርጅቱ ላይ 35.3 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለማዕከሉ ሠራተኞችም ካሣ ለመክፈል ወሰነ።

መዝገቡ በደመና ላይ እንዳልነበረ በሐቅ መነገር አለበት። ይህ የተፈጸመው ድርጅቱ ከጉግል ክላውድ ጋር ከመስማማቱ በፊት፣ በራሱ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በደመናው ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ተቃራኒውንም ማለት አይቻልም። መዝገብን ወደ ተሻለ ሕንፃ ማዛወር የተጻፈበትን አያጠራውም። ከዚያ ይልቅ ቀድሞ በአንድ ከተማ በአንድ ማዕከል ተወስኖ የነበረው ማስታወሻ ከሽያጭ፣ ከትእዛዝና ከደመወዝ መዝገብ ጋር በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ ቁልፍ የያዘ እጅ የሚደርስበት ስፋት ይጨምራል።

ኑረምበርግ ሩቅ ነው ይባል ይሆናል። ሐዋሳ ግን ሩቅ አይደለም። ኤች ኤንድ ኤም በ2013 ለኢትዮጵያ ፋብሪካዎች የሙከራ ትእዛዝ ሰጠ። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን ስሞች የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤችም በዚያ ፋብሪካ አቆመ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የልብስ ሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጹ። በኅዳር 2021 ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ የንግድ ዕድል ወጣች። ያን ውሳኔ የወሰነው ፖለቲካ እንጂ ኮምፒዩተር አልነበረም። ሆኖም ዘወትር በሰላሙ ጊዜ ትእዛዝ የሚጨምረውና የሚቀንሰው በመደብር የተመዘገበው የሽያጭ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ወደ ትንበያ፣ ትንበያው ወደ ትእዛዝ፣ ትእዛዙ በስፌት መስመሩ ራስ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ወደሚጻፈው የሰዓት ግብ ይለወጣል። በሰሌዳው ላይ ግቡን የምታነብ ልብስ ሰፊ ቁጥሩ ከየት ተነሥቶ እንደመጣ የሚነግራት የለም። እርሷ በሰዓት ስንት እጅጌ እንደገጠመች ግን ይመዘገባል።

የሰፈራችን እድር በዚህ ረገድ ከታላላቆቹ ነጋዴዎች የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። የእድሩ መዝገብ በጸሐፊው ቤት በሣጥን ይቀመጥ እንጂ አባሉ በስብሰባ ቀን ተነሥቶ «የእኔ ስም ይነበብ» ቢል ጸሐፊው አላነብም ሊል አይችልም። መዋጮው ያላግባብ ቀርቷል ተብሎ ተጽፎ ከሆነ እዚያው ይታረማል። የመዝገቡ ቦታ የጸሐፊው ቤት መሆኑ ይህን መብት አላስቀረውም።

ይህ ልማድ አሁን በአገራችን የሕግ መልክ ይዟል። በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንኛውም ሰው ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ካለበት የማሳረም መብት ሰጥቶታል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መረጃ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፍበትም ሁኔታ በአዋጁ ተደንግጓል። ስለሆነም የፋብሪካ ሠራተኛም ሆነ የመደብር ሻጭ የአሠሪው መዝገብ በአዲስ አበባም ይሁን በባዕድ አገር ሰርቨር ላይ ቢያድር፣ ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ቀርቦ ስለ እኔ ምን ተጽፏል፣ ማን ያነበዋል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ ይመረጣል፤ ቀን የተጻፈበትንም አንድ ቅጂ ጠያቂው ከእጁ አያውጣ።