«ወጣት የሚያደርግ መርፌ»፦ ተረትና እውነታ

ፔፕታይድ ለአዊ ዞኗ ዳንግላ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የምትወጋው ኦክሲቶሲን ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ፔፕታይድ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊንም 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት የዚሁ ወገን ነው። እንግዳው ሌላ ነው፤ ኢፒታሎን፣ ቢፒሲ 157፣ ሲጄሲ 1295፣ ኢፓሞሬሊን እየተባለ፣ ነጭ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ «እርጅናን ይመልሳል» የሚባልለት መርፌ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣው ይዞልዎ ቢመጣ ወይም ሻጭ በቴሌግራም «ግዙ» ቢልዎ፣ አብረውት የሚመጡትን ወሬዎች አስቀድመው ይፈትሹ።

ተረት፦ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ስለሆነ አይጎዳም።

እውነታ፦ ኢንሱሊንንም ሰውነት ይሠራዋል፤ ከመጠን በላይ የተወጋ ሰው ግን ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ኦክሲቶሲንም በምጥ ጊዜ መጠኑ ከበዛ ማሕፀንን እስከ መቅደድ ይደርሳል። ሰውነት እነዚህን ነገሮች የሚያመነጨው በጥቂቱ፣ በሰዓቱና በሚፈለግበት ቦታ ነው፤ መርፌ ይህን ልክ አያውቅም። ሐኪም ልኩን የሚያውቀው መድኃኒቱ ለዓመታት በሰው ላይ ተጠንቶ ስለተጻፈለት ነው። የኢፒታሎን ልክ ግን ከሻጩ ምክር በቀር የት ተጽፏል?

ተረት፦ በሳይንስ ተረጋግጧል።

እውነታ፦ ጥናት መኖሩና መረጋገጡ አንድ አይደሉም። የኢፒታሎን ጥናቶች በአብዛኛው የወጡት ከሴንት ፒተርስበርጉ ሳይንቲስት ቭላድሚር ካቪንሰንና ከባልደረቦቹ እጅ ነው፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን በብዙ ሰው ላይ ደግመው አላጸኑትም። የቢፒሲ 157 ዝናም ከክሮኤሺያዋ ዛግሬብ የተነሣ ሲሆን፣ ማስረጃው በአመዛኙ የአይጥ ነው። ጂኤችኬ የሚባለውን ከመዳብ ጋር የሚጣመር ፔፕታይድ ሎረን ፒካርት በ1973 እ.ኤ.አ. በሰው ደም ውስጥ አግኝቶታል። በፊት ቅባት መልክ መጨማደድን በጥቂቱ እንደሚቀንስ የሚጠቁሙ አነስተኛ ጥናቶች አሉ፤ በቆዳ ላይ የተቀባ ነገር ውጤት ግን ለሚወጋው ምስክር አይሆንም። የተረጋገጠ ፔፕታይድ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ለስኳር ሕመምና ለውፍረት የሚሰጠውን ሴማግሉታይድን ይመልከት፤ ከልብ ሕመም ጋር በተያያዘ የተደረገለት አንድ ጥናት ብቻ 17,604 ሰዎችን ያሳተፈ ነበር።

ተረት፦ የእድገት ሆርሞን ሲጨምር ወጣትነት ይመለሳል።

እውነታ፦ የዚህ ተስፋ ምንጭ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው 12 ወንዶች ለስድስት ወር የእድገት ሆርሞን ተወጉ፤ ጡንቻቸው ጨመረ፣ ስባቸው ቀነሰ። ዕድሜያቸው ግን ስለ መርዘሙ ጥናቱ አንዳች አላሳየም። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የእጅ መደንዘዝ እንደሚያስከትል አሳይተዋል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ሆርሞን የጎደላቸው የላቦራቶሪ አይጦች ከሌሎቹ ረዥም ዕድሜ መኖራቸው ነው። በኢኳዶር የሚኖሩ፣ ሰውነታቸው ለሆርሞኑ የማይታዘዝላቸው አጫጭር ሰዎችም በካንሰርና በስኳር እምብዛም አይያዙም። ሲጄሲ 1295ና ኢፓሞሬሊን የሚያነሣሱት ይህንኑ ሆርሞን ነው።

ተረት፦ መርፌ ካልተወጉ መዳን የለም፤ ከክኒን ይበልጣል።

እውነታ፦ ፔፕታይድ የሚወጋው ኃይለኛ ስለሆነ ሳይሆን፣ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደ ምግብ ስለሚፈጩት ነው። መርፌ የቆዳን መከላከያ አልፎ የሚገባ በመሆኑ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ቆሻሻም አብሮ ይገባል። ባክቴሪያ ሞቶ የሚተወው መርዝ ውሃ ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ከእነዚህ ብልቃጦች ብዙዎቹ «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሻጩ ከተጠያቂነት እንዲያመልጥ ነው። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ላስ ቬጋስ በተካሄደ ዕድሜን ስለ ማራዘም የሚመክር ጉባኤ ላይ ፔፕታይድ የተወጉ ሁለት ሴቶች በጽኑ ታመው በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዘዋል።

ተረት፦ ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ የተፈቀደ ነው።

እውነታ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2023 እ.ኤ.አ. ቢፒሲ 157ን፣ ኢፒታሎንን፣ ሲጄሲ 1295ን፣ ኢፓሞሬሊንንና የሚወጋውን ጂኤችኬ ከባድ የደህንነት ሥጋት አለባቸው ብሎ መድቧቸው ነበር። ከእነዚህ መካከል ለእርጅና መድኃኒትነት የተፈቀደ አንድም የለም። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲም ቢፒሲ 157ን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ ለጉልበቱ ሕመም «ፈዋሽ ነው» ተብሎ የሚሰጠው የአዊ ወጣት ሯጭ ይህን ማወቅ አለበት። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒት ወደ ገበያ የሚገባው በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ ነው።

ተረት፦ ዱቄት ስለሆነ አይበላሽም።

እውነታ፦ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን እያጣ እንደሚሄድ አዋላጅ ነርሶች ያውቃሉ። ደረቅ ዱቄት ትንሽ ይታገሣል፤ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ቶሎ ይበላሻል። ከአዲስ አበባ ዳንግላ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በኪስ ተይዞ በአውቶቡስ የመጣ ብልቃጥ ምን ያህል ሙቀት እንዳለፈበት መልኩን አይቶ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ እርጅናን የሚያዘገይ ነገር የለም ወይ? አለ፤ ግን እንደ መርፌው አይወራለትም። የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ አንጎልንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ በየጊዜው በጤና ጣቢያ ማስለካት፣ ስኳርን መመርመር፣ ሲጋራን መተው፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ። ጥር 23 ቀን በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ኮርቻ ላይ ቀጥ ብለው የሚታዩ አዛውንት ጡንቻቸው የጠነከረው ሲሠራ ስለኖረ ነው።

ብልቃጥ ከቀረበልዎ አራት ነገር ይጠይቁ፦ በባለሥልጣኑ ተመዝግቧል? አምራቹ ማን ነው? ለስንት ሰው ተሰጥቶ ተጠንቷል? በማን ትእዛዝ ነው የሚሰጠው? መልስ ካጡ አይወጉ። አስቀድመው ተወግተው ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ፊትዎ ካበጠ ወይም ትኩሳት ከያዘዎ ብልቃጡን ይዘው ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ፤ የተወጉትንም ሳያፍሩ ለሐኪሙ ይንገሩት። ጥርጣሬዎን በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር በ8482 ማሳወቅም ይችላሉ።